ፍሪኺሊያና፦ ባለቤቶቹ የሌሉበት መንደር

ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከኔርኻ የሚነሳው አውቶቡስ ባሕሩን ከኋላው ጥሎ ዳገቱን ሲያያዘው፣ ከፊት የተቀመጡት ቱሪስቶች ስልካቸውን ከኪሳቸው ማውጣት ይጀምራሉ። መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግራና ቀኙ የአቮካዶና የማንጎ ተክል ነው፤ ከተክሉ በላይ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ሰማይ። አንዱን ኩርባ እንደዞርን ተራራው ወገብ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ጥጥ ያሰጣ ነው የሚመስለው። ቀረብ ሲሉ ጥጡ ቤት ይሆናል፤ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ እኩል ሆኖ፣ ሠርግ ለማየት እንደተሰበሰበ ሰው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ቁልቁል ባሕሩን ያያል።

ፍሪኺሊያና ይባላል። በደቡብ ስፔን፣ በማላጋ ክፍለ ሀገር፣ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ፣ ወደ 3 ሺህ ሰው የሚኖርበት መንደር ነው። ከጀርባው የአልሚኻራ ተራሮች አሉ። አካባቢው በጠቅላላ አክሳርኪያ ተብሎ ይጠራል፤ ቃሉ ከዐረብኛው «አሽ ሸርቂያ» የመጣ ሲሆን ምሥራቃዊው አገር ማለት ነው። መንደሩ በ1982 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በውበቱና በአያያዙ ከስፔን መንደሮች ሁሉ አንደኛ ተብሎ ተሸልሟል። ከዚያ ወዲህ በየአስጎብኚው መጽሐፍ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አንድ ነው፤ «የሙሮች መንደር» ይሉታል።

ሙር የሚባል ሰው ግን በመንደሩ የለም። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አውቶቡሱ የሚያወርደው ከታች አደባባዩ አጠገብ ነው። ከዚያ በላይ መኪና አይገባም፤ መንገዱ አያስገባውም። አሮጌውን ሰፈር የአገሬው ሰው ባሪባርቶ ይለዋል፤ «የላይ ሰፈር» የሚለው የስፔንኛ ቃል በሰው አፍ ተጨማድዶ የወጣው ነው። ሽቅብ መሄድ እንደጀመርኩ የገጠመኝ ቱሪስት ሳይሆን በቅሎ ነበር። በሁለት ጎኗ አሸዋ የሞላበት ከረጢት ተጭኖባት፣ ባለቤቷ ከኋላ እየተከተላት፣ በደረጃው ላይ አንድ በአንድ እየረገጠች ትወጣለች። ደረጃዎቹ ዝቅ ዝቅ ያሉና ሰፋፊ የሆኑት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የሰው እርምጃ ተለክቶ አልተሠሩም፤ የበቅሎ ነው። ዛሬም ላይኛው ሰፈር ቤቱን የሚያድስ ሰው ሲሚንቶውንና ጡቡን የሚያስወጣው በበቅሎ ጀርባ ነው።

የመንገዱ ወለል እኛ ኮብልስቶን ከምንለው የተለየ ነው። ተጠርቦ የተነጠፈ ድንጋይ ሳይሆን የወንዝ ጠጠር ነው፤ እንቁላል የሚያክሉ ለስላሳ ጠጠሮች በቁማቸው ተተክለው፣ ጥቁሩና ነጩ እየተለየ ሐረግ፣ ኮከብና መስመር ተሠርቶባቸዋል። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ምንጣፍ ነው። ቀጭን ሶል ያለው ጫማ ላደረገ ደግሞ ቅጣት ነው፤ ይህን ከራሴ እግር ነው የምናገረው።

ሐረር ጀጎል ገብቶ የተመላለሰ ሰው ባሪባርቶን ማንም ሳያስጎበኘው ያውቀዋል። መንገዱ በድንገት ይጠብባል፣ ይታጠፋል፣ ጣሪያ ይደፋበታል፣ ከሥሩ ሲወጡ ሌላ ቅያስ ይጠብቃል። አንዳንዱ ወደ ውስጥ ያስገባና አንድ በር ላይ ሲደርስ ያልቃል። መውጫ የሌለው እንዲህ ዓይነቱ ጉራንጉር በስፔንኛ «አዳርቤ» ይባላል፤ ሥሩ ዐረብኛ ነው። የከተማ አሠራሩ ምክንያት አለው። የጠበበ መንገድ በበጋ ፀሐይ አይገባበትም፤ ጥላው ከግድግዳ ግድግዳ ይደርሳል። ቤቱ ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ያዞራል፤ ለውጭ ሰው የሚያሳየው ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው። ጠላት ቢገባ ደግሞ የሰፈሩን ልጅ እንጂ እንግዳውን መንገዱ አይመራውም።

ስለ በሮቹ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ የሆኑ፣ በአጠገባቸው የአበባ ማሰሮ የተደረደረባቸው የእንጨት በሮች ናቸው። ፍሪኺሊያና የሄደ ሰው ሁሉ ከአንዱ በር ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። በሩ ደግሞ ዝግ መሆን አለበት፤ ክፍት በር ለፎቶ አይሆንም። በ1567 የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ባወጣው አዋጅ ውስጥ ስለ በር የሚናገር አንቀጽ ነበር። የሙሮቹ ዘሮች ዓርብ ዓርብና በበዓል ቀን በራቸውን ዘግተው እንዳይቀመጡ ያዝዛል፤ ውስጥ ሆነው ይሰግዱ እንደሆነ እንዲታይ ነው። ዛሬ ስልኩን አቅንቶ የሚቆመው ጎብኚ ይህን አያውቅም። ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ግን ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አለ።

በአሮጌው ሰፈር ግድግዳዎች ላይ በየቦታው 12 የሴራሚክ ሰሌዳዎች አሉ። በሰማያዊና በቢጫ ያጌጡ ናቸው፤ ሥዕልም ጽሑፍም አላቸው። ሠዓሊዋ አምፓሮ ሩይስ ደ ሉና ትባላለች። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ተከትሎ ያነበባቸው ሰው የአንድ ሕዝብ የመጨረሻ ወራት ታሪክ ያነባል። አንዱ ፊት ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ከኋላዬ ያለፈውን ሰው አልቆጠርኩም፤ ለማንበብ የቆሙት ግን ሁለት ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በ711 ጣሪቅ ኢብን ዚያድ የተባለ የጦር መሪ፣ አብዛኛው በርበር የሆነ ሠራዊት ይዞ ከሰሜን አፍሪካ ወደ ስፔን ተሻገረ። የተሻገረበት አለት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ጀበል ጣሪቅ፣ ማለትም ጂብራልታር። አውሮፓውያን ከዚያ የመጡትንና ዘሮቻቸውን፣ ኋላም የሰለሙትን የአገሩን ሰዎች ሁሉ ደርበው «ሙር» አሏቸው። ስለዚህ ሙር የአንድ ነገድ ስም አይደለም፤ ውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ያወጣው ስም ነው። ፍሪኺሊያና ራሷ ስሟ ላቲን ነው፤ ፍሬክሲኒዩስ የሚባል የሮማ ዘመን ባለ መሬት ርስት ነበረች ይባላል። መንደር ያደረጓት፣ ተራራውን በእርከን የከረከሙት፣ ውኃውን በቦይ የመሩት ግን በዐረብኛ የሚናገሩ ገበሬዎች ናቸው። ከላይ ሊሳር የሚባል ምሽግ ነበራቸው።

በ1487 የስፔን ክርስቲያን ነገሥታት ፌርዲናንድና ኢሳቤላ ቬሌስንና ማላጋን ሲይዙ መንደሩም በእጃቸው ገባ። በጥር 1492 የመጨረሻዋ የሙስሊሞች መንግሥት ግራናዳ እጇን ሰጠች። የእጅ መስጫው ውል ሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸውን፣ ሕጋቸውንና መስጊዳቸውን ይዘው እንዲኖሩ ይፈቅድ ነበር። ውሉ አሥር ዓመት አልቆየም። ወይ ተጠመቅ ወይ አገር ልቀቅ ተባለ፤ አብዛኛው ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ የወጣላቸው ስም «ሞሪስኮ» ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ በጎረቤት ግን አይታመኑም። በ1567ቱ አዋጅ ደግሞ የቀረው ሁሉ ተከለከለ፤ ዐረብኛ መናገርና መጻፍ፣ ልብሳቸው፣ የሴቶቹ መሸፈኛ፣ የገላ መታጠቢያ ቤታቸው፣ ስማቸው። በ1568 የገና ዋዜማ አልፑኻራ በተባለው ተራራማ አገር አመፅ ፈነዳ።

ፍሪኺሊያና ወደ ጦርነቱ የገባችው በማግሥቱ ዓመት በጸደይ ነው። የአክሳርኪያ መንደሮች ሞሪስኮዎች ኤርናንዶ ኤል ዳራ የሚባል መሪ መርጠው፣ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን፣ ከብታቸውን፣ ስንቃቸውን ይዘው ከመንደሩ በላይ ወዳለው ገደላማ አምባ ወጡ። አምባውን ዛሬ «ኤል ፉዌርቴ»፣ ምሽጉ፣ ይሉታል። አምባ ላይ ወጥቶ መሸሸግ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላስረዳም። መጀመሪያ የማላጋው ገዢ ጦር ይዞ መጣ፤ ከላይ በሚንከባለል ድንጋይ ተመታና ተመለሰ። ቀጥሎ ግን ከኢጣሊያ ወታደር የጫኑ መርከቦች በባሕር ዳርቻው ደረሱ። አዛዡ ሉዊስ ደ ሬኬሴንስ ነበር፤ ኋላ በኔዘርላንድስ የስፔን እንደራሴ የሆነው ሰው ነው። ሰኔ 11 ቀን 1569 ከብዙ አቅጣጫ አምባውን ወጡት። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሴቶቹም ድንጋይ እየወረወሩ ተዋግተዋል፤ ከመማረክ ከገደል መወርወርን የመረጡም ነበሩ። ወደ 2 ሺህ ሰው ተገደለ። ወደ 3 ሺህ ተማረከ፤ የተማረከም ለባርነት ተሸጠ።

ይህን የጻፈልን ሉዊስ ዴል ማርሞል ካርቫኻል ነው። የግራናዳ ተወላጅ፣ በወጣትነቱ በሰሜን አፍሪካ ዓመታት በምርኮ የቆየ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ነበር። የጦርነቱን ታሪክ በ1600 ማላጋ ላይ አሳተመ። አንድ ነገር ላክል፤ ይኸው ሰው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት በዚያችው በማላጋ ያሳተመው ሌላ መጽሐፍ ስለ አፍሪካ ሲሆን፣ በርዕሱ ላይ «ታችኛውና ላይኛው ኢትዮጵያ» የሚል አለበት። የፍሪኺሊያናን ሙታን የቆጠረው ብዕርና ስለ እኛ የጻፈው ብዕር አንድ መሆኑን ሳውቅ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ከ1570 ጀምሮ የግራናዳ ግዛት ሞሪስኮዎች በሰልፍ እየተነዱ በመላው ካስቲያ ተበተኑ፤ በብርዱና በመንገዱ ብዙው አለቀ። ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ ከመላው ስፔን ወደ 300 ሺህ የሚሆኑት በመርከብ እየተጫኑ ተባረሩ። ባዶውን መንደር ከሌላ አገር የመጡ ክርስቲያኖች ሰፈሩበት። ዛሬ በፍሪኺሊያና የምታገኙት ሰው በአብዛኛው የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጅ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባል የለ፤ የጠጠሩ መንገድ ላይ ስሄድ ይህ ተረት ከአፌ አልወርድ አለ።

ታዲያ ሰዎቹ ከሌሉ «የሙሮች» የሚባለው ምኑ ነው? ብዙ ሰው ነጩ ቀለም ነው ይላል። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ኖራ መንደሩ ባለበት በአንዳሉሲያ ከሙሮቹም በኋላ በወረርሽኝ ዘመን ግድግዳ ማጽጃ ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ቱሪዝም ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ነጭ መንደር» መሆን ራሱ ገቢ ሆነ። በየዓመቱ በጋ ሳይገባ ቤቱን የሚቀባ ሰው የሚያድሰው የሙር ቅርስ ሳይሆን የራሱን ደንብ ነው። ኖራው ሲደራረብ የግድግዳው ጠርዝ ሁሉ ይዶለዱማል፤ ማዕዘን የሚባል ነገር ይጠፋል። አንድ የተላጠ ቦታ ላይ ጣቴን ሳስገባ ሽፋኑ እንደ እንጀራ ቁልል ነበር፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ የስንት ዓመት ቅብ እንደሆነ አይቆጠርም።

የእነሱ የሆነው ከነጩ ሥር ያለው ነው፤ መንገዱ፣ ውኃውና ስኳሩ።

ከመንደሩ ሥር ኢገሮን የሚባል ወንዝ አለ፤ በበጋ የሚረገጥ ጠጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። ገበሬው የሚኖረው ከወንዙ በተቀዳ ቦይ ነው። ቦዩ ስሙ «አሴኪያ» ነው፤ ከዐረብኛው «ሳቂያ»። ውኃው በተራ ነው የሚዳረሰው፤ የዚህ ሰዓት የእገሌ፣ የዚያ ሰዓት የእገሊት ተብሎ። መስኖ ባለበት አገር ያደገ ሰው በውኃ ተራ የተነሳ ስንት ጎረቤት እንደተጣላ ያውቃል፤ ስለዚህ ደንቡ ከምሽጉም ከመስጊዱም በላይ ዕድሜ ማግኘቱ አይገርምም። አሁን ያ ደንብ ፈተና ላይ ነው። እርከኑ ላይ ወይን፣ ወይራና ለውዝ የነበረው ገበሬ ወደ አቮካዶ ዞሯል፤ አቮካዶ ደግሞ ውኃ የሚጨርስ ተክል ነው። በ2023 የአክሳርኪያ ዋናው ግድብ ላ ቪኙዌላ የያዘው ውኃ ከአቅሙ ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ነበር።

ወደ ስኳሩ ልምጣ። መንደሩ መግቢያ ላይ ግድግዳው ላይ ጌጥ የተሳለበት ትልቅ ሕንፃ አለ። «ኤል ኢንኼኒዮ» ይሉታል፤ የሸንኮራ መጭመቂያው ማለት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የማንሪኬ ደ ላራ ቤተሰብ፣ ማለትም የፍሪኺሊያና ባላባቶች ቤት ነበር፤ ከፈረሰው ከሊሳር ምሽግ የተነሳ ድንጋይም እንደገባበት ይነገራል። አሁን ውስጡ ፋብሪካ ነው። የሚሠራውም አንድ ነገር ነው፤ «ሚዬል ደ ካኛ»፣ የሸንኮራ ማር። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተጣርቶ፣ እሳት ላይ ቆይቶ ቆይቶ ውኃው ሲተን የሚቀረው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ምሬት ያለው ሽሮፕ ነው። ስኳር ወጥቶለት የሚተርፈውን ሞላሰስ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ ውስጥ ስኳሩ አልወጣም። በዋናው የአውሮፓ ምድር ይህን የሚሠራ ፋብሪካ የቀረው ይህ ብቻ እንደሆነ ይነገራል።

ሸንኮራ አገዳን ወደ ስፔን ያመጡት ዐረቦች ናቸው። ከማላጋ እስከ ግራናዳ ያለው የባሕር ዳርቻ በረዶ የማይነካው ስለሆነ አገዳው ለመደ። አገዳው ከሜዲትራኒያን ወደ ማዴይራ፣ ከዚያም ወደ ካናሪ ደሴቶች ሄደ። ኮሎምበስ በ1493 ለሁለተኛ ጊዜ አትላንቲክን ሲሻገር ከካናሪ አገዳ ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በካሪቢያን የሸንኮራ እርሻ ላይ ስንት ሚሊዮን አፍሪካዊ እንዳለቀ ሌላ ዘገባ ነው። በዋናው የአውሮፓ ምድር ግን ታሪኩ አብቅቷል። በግራናዳ ዳርቻ የነበረው የመጨረሻው የስኳር ፋብሪካ በ2006 ተዘጋ፤ አገዳውም ተነቀለ። እርሻው ከዳርቻው ጠፍቶ፣ ማሩን የሚያፈላው ቤት ዳገቱ ላይ ቀረ።

ምሳ ላይ ያዘዝኩት ምግብ ደበርጃን ነው። በስሱ ተቆርጦ፣ ዱቄት ነክቶ፣ በወይራ ዘይት ተጠብሶ፣ ላዩ ላይ የሸንኮራ ማሩ እንደ ክር ይፈስበታል። ጨዋማና ጣፋጭ አንድ ላይ መጥቶ መጀመሪያ ያደናግራል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ሳህኑን ወደ ራስ መሳብ ይጀመራል። ስፔንኛ አልችልም፤ የምግብ ዝርዝሩን ግን ቀስ ብዬ ሳነበው ቃሎቹ ዘመድ ሆነው መጡ። ደበርጃኑ «በረንኼና» ነው። ዘይቱ «አሴይቴ»። ስኳር «አሱካር»። ሩዝ «አሮስ»። ከሬስቶራንቱ አጠገብ ያለው መጋዘን እንኳ «አልማሴን» ነው። የእኛም የእነሱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ዐረብኛው በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ሲመጣ፣ በሜዲትራኒያን በኩል ደግሞ እዚህ ዳገት ላይ ወጥቷል። (መጋዘን ወደ እኛ ሲደርስ በጣሊያን አፍ አልፎ ሳይሆን አይቀርም።) ከሰዓት በኋላ ሽቅብ የወጣሁበት መንገድ ስሙ «ሳካቲን» ነው፤ በዐረብኛ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ማለት ነው። ዐረብኛ እንዳይነገር ያዘዘው አዋጅ መንገዱን ሳይነካው አልፏል።

መንደሩ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ «ሦስት ባህሎች» የሚል ፌስቲቫል ያዘጋጃል፤ የክርስቲያኖች፣ የሙስሊሞችና የአይሁድ። ሙዚቃ አለ፣ ገበያ አለ፣ ከቡና ቤት ቡና ቤት እየዞሩ ትንንሽ ምግብ መቅመስ አለ። ሦስቱ በአንዳሉሲያ አብረው የኖሩበት ዘመን መኖሩ እውነት ነው፤ በየከተማው፣ በየንጉሡ፣ ጥሩም መጥፎም ጊዜ ነበረው። ፌስቲቫሉ ውሸት አይደለም። ግን ማር የፈሰሰበት ታሪክ ነው፤ በዓሉ የሚከበርበት መንገድ ላይ ያሉት 12 ሰሌዳዎች የሚያወሩት አብሮ መኖር እንዴት እንደተቋረጠ ነው። ለመንደሩ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ግን ይህን ልበል፦ ሰሌዳዎቹን የሰቀለው ራሱ መንደሩ ነው። የአያቶቹን ድል ሳይሆን የተሸነፉትን ሰዎች ሞት በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ስንት አገር አለ? የቅዱስ አንቶኒዮ ቤተ ክርስቲያንም በ1676 የተሠራው መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን አስጎብኚው ሳይጠየቅ ይናገራል።

ምናልባት መባረር ምን እንደሆነ መንደሩ ራሱ ስለቀመሰው ይሆናል። ከፍሪኺሊያና ተራራውን ተሻግሮ ያለ አሴቡቻል የሚባል ቁሽት አለ። ስሙ የዱር ወይራ ያለበት ማለት ነው፤ እኛ አገር ወይራ የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው፣ ቃሉም ዐረብኛ ነው። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በእነዚህ ተራሮች ጦርነቱን ያሸነፈውን የጄኔራል ፍራንኮን መንግሥት የሚወጉ ሽምቅ ተዋጊዎች ነበሩ። የመንደሩ ሰው ቀን በወታደር፣ ሌሊት በሽምቅ ተዋጊ መሃል ተያዘ። በ1948 የአሴቡቻል ሰዎች ለአማፂዎች ስንቅ ታቀብላላችሁ ተብለው ከቤታቸው ተባረሩ። ቁሽቱ ፈርሶ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የፍየል መዋያ ሆነ። ፍሪኺሊያና የኖረው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዴቪድ ቤርድ የዚያን ዘመን ሰዎች አነጋግሮ ጽፎታል፤ የመጽሐፉ ስም «በሁለት እሳት መካከል» ነው። ከ1998 ወዲህ ከተባረሩት ወገን የሆነ ቤተሰብ ተመልሶ ቤቶቹን አንድ በአንድ አቆማቸው። አሁን እንግዳ ያድርበታል፣ ምሳ ይበላበታል። የአሴቡቻል ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተመለሱበት አጋጣሚ ተገኘ፤ የአምባው ሰዎች ግን አልተገኘላቸውም።

አመሻሽ ላይ የቱሪስት አውቶቡሶቹ ሲወርዱ ባሪባርቶ ሌላ ሰፈር ይሆናል። ወንበር ወደ ደጅ ይወጣል። አንዲት አሮጊት የበራቸውን ደረጃ ውኃ ደፍተው በመጥረጊያ ያጥባሉ፤ ውኃው በጠጠሮቹ መሃል እየተንኮለኮለ ሲወርድ ጥቁሩና ነጩ አዲስ ይሆናል። ከላይ ኤል ፉዌርቴ ቀልቶ ይታያል። እስከ ጫፉ የእግር መንገድ አለው፤ ወደ ላይ መውጣት ጥሩ ጉልበትና ብዙ ውኃ ይጠይቃል። ተራራው በሙሉ ከ1999 ጀምሮ የተፈጥሮ ፓርክ ነው።

በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ወይም ቪዛው ተሳክቶላችሁ ወደዚያ የምታልፉ ወገኖች፣ ማላጋ ከደረሳችሁ አንድ ቀን ስጡት። በሐምሌና በነሐሴ ባትሄዱ ይሻላል፤ ሙቀቱም ሰዉም አይቻልም። በጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ አውቶቡሶቹ ሳይመጡ። ጠፍጣፋና ወፍራም ጫማ አድርጉ። ፎቶውን ተነሱ፣ በሮቹ ያምራሉ። ከዚያ ግን ቁጥር አንድ ሰሌዳ የት እንዳለ ጠይቁና እስከ አሥራ ሁለት ተከተሉት፤ ስፔንኛ ባትችሉ ስልካችሁ ይተረጉመዋል። ስትጨርሱ አንዱን መንገድ ፈልጉ። በአሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ዳገት ነው፣ ሰው የሚኖርበት ነው። ጥጉ ላይ የተለጠፈው ስም «ኤርናንዶ ኤል ዳራ» ይላል።